መይሙናን ያልጠበቀች ፀሐይ

ፎቶ ቤቴ ከመናኸሪያው ወረድ ብሎ፣ ጫት ከሚጫንበት ቦታ ፊት ለፊት ነው። ከጎኔ ያለችውን ጠባብ ሱቅ መይሙና ተከራይታ ደብተርና እስክሪብቶ ትሸጥ ነበር። ደብተሩና እስክሪብቶው ግን ለይስሙላ ነው። ዋና ሥራዋ ለልጆች ስለ ሰማይ መጻፍ ነበር። ይህን ስል የሚስቅ አይጠፋም፤ እኔም መጀመሪያ ስቄአለሁ። ጭሮ ሰው ገና ሳይነቃ ጫት የሚለቀምባት፣ አይሱዙ እየበረረ የሚወጣባት ከተማ ናት። እዚህ ተቀምጦ ስለ ማርስ የሚጽፍ ሰው ምን ይባላል? ባሏ ታጁዲን ጫት ነጋዴ ነው፤ እሱ እንኳ "የሚስቴ ደንበኞች ገና ጥርሳቸውን እየቀየሩ ነው" እያለ ያሾፍባት ነበር።

ተወልዳ ያደገችው ቦኬ ነው። መንግሥት በተለወጠ ማግስት፣ ከተማዋን ገና ሁላችንም አሰበ ተፈሪ ስንላት፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳ መጣችና በአንድ ትምህርት ቤት የላቦራቶሪ ዕቃ ጠባቂ ሆና ተቀጠረች። ላቦራቶሪ ይባል እንጂ ያለው የተሰነጠቀ ብልቃጥ፣ የማይሠራ ማይክሮስኮፕና አቧራ ነበር። አንድ ዓመት ከውጭ አገር በእርዳታ የተላከ መጽሐፍ በካርቶን መጣ። መምህራኑ ከፈት አድርገው አዩና "የሕፃናት ነው" ብለው እሷ ዘንድ ጣሉት። በእኛ ዘንድ "የሕፃናት ነው" ማለት "አይረባም" ማለት ነው። ይህ ነገር ዛሬም ያናድደኛል።

መይሙና መዝገበ ቃላት ይዛ ገባችበት። ጨረቃ ላይ የተረገጠ የጫማ ዱካ፣ ቀለበት የታጠቀች ፕላኔት፣ በሕዋ የሚንሳፈፍ ሰው፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አነበበችው። "የገረመኝ ጨረቃ ላይ መውጣታቸው አይደለም" ብላ አጫውታኛለች። "ይህን ሁሉ ቁጭ ብሎ ለስምንት ዓመት ልጅ የሚነግር ትልቅ ሰው መኖሩ ነው። እኛ ልጅን 'ሂድ ተጫወት' ነው የምንለው።"

ከዚያ የራሷን መጻፍ ጀመረች። መጀመሪያ በትምህርት ቤቱ ስቴንስል እያባዛች፣ በኋላ ሥራውን ለቃ ሱቅ ስትከፍት ደግሞ ኮምፒውተር ጽሕፈት ቤት እያስተየበችና ፎቶ ኮፒ እያስደረገች፣ በስቴፕለር የተሰፋ ቀጭን መጽሐፍ ታወጣለች። የከተማው ልጅ ግማሹ በአማርኛ፣ ግማሹ በቁቤ፣ በላቲን ፊደል በሚጻፈው አፋን ኦሮሞ፣ ነው የሚማረው። ስለዚህ መጽሐፎቿ ሁለት ሽፋን ነበራቸው። በአንዱ በኩል ስትከፍተው አማርኛ፣ ገልብጠህ በሌላው በኩል ስትከፍተው አፋን ኦሮሞ። ሁለቱ መሃል ላይ ይገናኛሉ፤ እዚያ ትልቁ ሥዕል አለ። አንድ ቤት ውስጥ ያሉ ሁለት ልጆች ከሁለት ወገን እያነበቡ መጥተው እዚያ ሥዕል ላይ ሲጋፉ አይቻለሁ።

አጻጻፏ ደግሞ የራሷ ነበር። ሮኬት ባዶውን ክፍል እየጣለ መውጣቱን ልታስረዳ ሽቅብ መንገዱ ሲከብደው ተሳቢውን ሚኤሶ ፈትቶ ወደ ጭሮ የሚወጣ የጭነት መኪና ትጽፋለች። ክብደት ማጣትን ስታስረዳ፣ ጫት የጫነ አይሱዙ ጉብታ ሲዘል ከጭነቱ ላይ ብድግ የሚለውን ሰው ታነሳለች፤ ያ ሰው ለአንዲት አፍታ ጠፈርተኛ ነው ትላለች። ማርስ ላይ የምትሄደውን መኪና "ሹፌር የሌላት ባጃጅ" ብላት ነበር። የባጃጅ ሹፌሮቹ ይህን ሰምተው መጽሐፉን ገዝተው ተሳሳቁበት። እኔም ለሽፋን እንዲሆናት ጨረቃን በካሜራዬ አንስቼላት ነበር፤ ታጥቦ ሲወጣ አንዲት ነጭ ነጥብ ሆነ። "ይህችስ የትኛዋ ጨረቃ ናት፣ ደገፋ?" ብላ ለረጅም ጊዜ ቀለደችብኝ።

የምትመኘው አንድ ነገር ነበር፤ ክፍል። ልጆቹ የሚያነቡት ሱቋ ደጃፍ ላይ ቆመው፣ በጫት ተሸካሚ እየተገፉ ነው። ብዙዎቹ መግዛት አይችሉም፤ እዚያው አንብበው ይመልሳሉ። ከመስጊዱ አጠገብ መድረሳው ግቢ ውስጥ የተሰበረ አግዳሚ የተከማቸበት አንድ ባዶ ክፍል አለ። መይሙና ሄዳ ሼህ በክሪን ጠየቀቻቸው።

ሼህ በክሪ ቸኩለው የሚመልሱ ሰው አይደሉም። መጽሐፎቿን በሙሉ ቤታቸው ወስደው አነበቡ። ሲመልሱላት የጠየቋት ስለ ጠፈርተኛው ብቻ ነበር።

"ይህ ሰውዬ ለምን ፊት የለውም?"

"የራስ ቁር አጥልቆ ነው፣ ሼሃችን። እዚያ አየር የለም።"

"መልካም፤ ሥዕል ከሆነ ፊት ባይኖረው ይሻላል" አሉና ፈገግ አሉ።

እሳቸው ወደዱት እንጂ ክፍሉን የሚሰጠው ኮሚቴው ነው። ከኮሚቴው ሽማግሌዎች አንዳንዶቹ ቁርኣን ሊቀራ የመጣ ልጅ ስለ ማርስ ምን አገባው አሉ። አንዱማ "አላህ የሠራውን ሰማይ ይቺ ሴት ልትቆጥረው ነው?" ብለው ነበር። ነገሩ እንዲሁ ተንጠልጥሎ ቀረ።

በ2002 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ መይሙና ከእነዚያ ከድሮዎቹ የእርዳታ መጻሕፍት በአንዱ ጀርባ የግርዶሽ ሠንጠረዥ አገኘች። ቀን ቀኑን ተርታ ይዞ የሚመጣውን ሁሉ ይናገራል። አንዱ ለምሥራቅ አፍሪካ ነው፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ሲመለስ ጥር 7 ቀን፣ ዓርብ ይውላል። ሰዓቱ 5፡30 ይላል። መጽሐፉን እንደያዘች ሮጣ ፎቶ ቤቴ ገባች። ታጁዲንም እዚያ ነበር።

"የፈረንጅ ሰዓት ከእኛ በስድስት ይለያል" አለች እየቆጠረች። "አምስት ተኩል ለእኛ አሥራ አንድ ተኩል ነው። ንጋት አሥራ አንድ ተኩል ላይ ግን ፀሐይ ገና አልወጣችም። ያልወጣች ፀሐይ አትጋረድም። ስለዚህ የማታው ነው፤ ከመግሪብ በፊት ያለው አሥራ አንድ ተኩል።"

እኔም ታጁዲንም ሰማን፤ ስህተት አልታየንም። በእኛ አገር ሰዓት መገልበጥ ሁሉም የሚችለው ሂሳብ ነው።

ስለ ግርዶሽ የጻፈችው መጽሐፍ ከሁሉም ይበልጥ ያማረ ነበር። ፀሐይን በባዶ ዓይን ማየት እንደሚያሳውር፣ ራጅ ፊልምም የተቃጠለ የፎቶ ፊልምም እንደማያድን ነገረቻቸው። ካርቶን በመርፌ ብሱና ጥላው ውስጥ የምታርፈዋን ብርሃን እዩ አለች። መሃል ገጹ ላይ አንድ ዛፍና አንድ ግድግዳ ሣለች። በቅጠሎቹ መሃል ያለው ቀዳዳ ሁሉ እንደ መርፌው ቀዳዳ ስለሚሆን ግድግዳው በትናንሽ ማጭድ መሳይ ፀሐዮች ይሞላል። ከሥሩ "ዓርብ ከቀኑ 11፡30 ኳስ ሜዳ እንገናኝ" የሚል አለ። መጽሐፉ ከጭሮ አልፎ ሚኤሶና አሰቦት ድረስ በሹፌሮች እጅ ሄደ።

ሼህ በክሪ ከሰላት በኋላ ለሕዝቡ "ግርዶሽ ካየን ሰላተል ኩሱፍ፣ የግርዶሹን ሰላት፣ እንሰግዳለን። ካየን ነው ያልኩት፤ ተጻፈ ተብሎ አይሰገድም" አሉ። ከዚያ ሱቋ ድረስ መጡ።

"መይሙና፣ ኮሚቴው ዓርብን እየጠበቀ ነው" አሏት። "መጽሐፍሽ እንዳለው ከሆነ የክፍሉን ነገር ለእኔ ተዪው። ካልሆነ ግን ምን ብዬ አፌን እከፍታለሁ?"

"ይሆናል፣ ሼሃችን" አለች።

"ኢንሻአላህ በይ።"

"ኢንሻአላህ።"

እኔ በበኩሌ ያን ሳምንት ተማርሬ ነበር። ሰው ሁሉ ፎቶ ሊነሳ የመጣ መስሎ ይገባና "የተቃጠለ ፊልም የለህም?" ይለኛል። መጽሐፉን ገዝቶ፣ አይሆንም የሚለውን ገጽ አንብቦ፣ መጥቶ ፊልም የጠየቀኝ ትልቅ ሰው አለ። ያለኝን ፊልም በሙሉ ወደ ቤቴ ወስጄ ቆለፍኩበት።

ዓርብ ጠዋት መይሙና ሱቋ ደፍ ላይ ተቀምጣ ለማታው ካርቶን በመርፌ ትበሳ ነበር። እኔ መስተዋቴን እወለውላለሁ። ፎቶ አንሺ ነኝና ሰማዩ ላይ ደመና ሳይኖር ብርሃን ሲቀንስ ዓይኔ ያውቃል። መጀመሪያ መስተዋቱ የቆሸሸ መሰለኝ። ከዚያ ቀና ብዬ መንገዱን አየሁት። የሰው ጥላ ጠርዙ ስል ሆኗል፤ ብርሃኑ ገርጥቷል፤ አየሩም ቀዝቀዝ ብሏል። ጫት የሚጭኑት ሰዎች እስሩን እንደያዙ ቆመዋል።

መይሙና ቀና ያለችው እነሱ ዝም ሲሉ ነው። ከሱቃችን ፊት አንድ ዋንዛ አለ። ጥላው ያረፈበት የፎቶ ቤቴ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች በማጭድ ተሞልቷል። እሷ የሣለችው ሥዕል ነው። ተነስታ ሄደች፤ ግድግዳውን በመዳፏ ነካችው፤ ማጭዶቹ እጇ ላይ መጡ። መርፌው በሌላው እጇ ነበር።

"አሁን ነው" አለች። "ደገፋ፣ አሁን ነው። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ናቸው።"

ሮጦ ለመንገር ትምህርት ቤቶቹ ሩቅ ናቸው። ለማንስ ተነግሮ ለማን ይቀራል? ደፉ ላይ ተመልሳ ተቀመጠች። እጅግ አዘንኩላት። በዚያው ቅጽበት ከመስጊዱ "አሰላቱ ጃሚዓ" የሚል የጋራ ሰላት ጥሪ ተሰማ። ሼህ በክሪ መጽሐፉ ማታ ብሎ ሳለ ከጎህ ጀምረው ሰማዩን ሲያዩ ነበር ማለት ነው። በአካባቢው የተገኘው ሰው ወደዚያው ሮጠ፤ ጫቱን መንገድ ላይ ጥለውት የሄዱ አሉ። ፀሐይዋ ከግማሽ በላይ ተሸፍና ቆየችና ቀስ በቀስ ተመለሰች።

እኩለ ቀን ሳይሞላ ቀልዱ ከተማውን አዳረሰው። "የመይሙና ፀሐይ ቀጠሮ አፈረሰች" ይላል አንዱ። ታጁዲን መጣ። ሁልጊዜ የሚያሾፈው ሰውዬ ያን ቀን አላሾፈም።

"ሱቁን ዝጊና ቤት ግቢ" አላት። "ሰው ነው፤ ሳምንት ሲሞላው ይረሳዋል።"

"አሥራ አንድ ተኩል ላይ ሜዳ እንገናኝ ብዬ ጽፌአለሁ።"

"አልቋል እኮ፣ መይሙና።"

"ማለቁን ያላወቀ ሰው ከገጠር ይመጣል። መጥቶ ቆሞ ይቅር?"

ታጁዲን ቀና ብሎ አየኝ። በሰዓቱ ሦስታችንም አብረን ወጣን።

ሜዳው ላይ ያልጠበቅነው ሰው ነበር። ከገጠር የመጡ፣ ጠዋት ቤት ውስጥ ሆነው ያመለጣቸው እናቶች፣ ሊስቁ የመጡ ወጣቶች፣ ብዙ ልጅ። የአስርን ሰላት ሰግደው ሼህ በክሪና የኮሚቴው ሽማግሌዎችም መጥተው ከዳር ቆመዋል። መይሙና መሃል ገባች። 

"ግርዶሹ ጠዋት አልፏል" አለች። ያንኑ በአፋን ኦሮሞ ደገመችው። "መጽሐፉ ላይ ያለው ሰዓት ስህተት ነው። የጻፍኩት እኔ ነኝ። ደክማችሁ ለመጣችሁ ሁሉ ይቅርታ።"

ጥቂት ሰው ሳቀ። ከዚያ ያ "ልትቆጥረው ነው" ያሉት ሽማግሌ ረጋ ብለው ተናገሩ።

"ልጄ፣ ይቅርታው ጥሩ ነው። ግን ይህ ስህተት ከሆነ የቀረውስ? ጨረቃውስ፣ ማርሱስ? ልጆቻችን በምን ይለዩት?"

ጠዋት ደፉ ላይ ስትቀመጥ የፈራችው ይህንን ነበር፤ ፊቷ ላይ አየሁት።  

ከልጆቹ መሃል አንዲት ቀጭን ልጅ ወጣች። ረዲያ ትባላለች፤ ሱቁ ደጃፍ ቆመው ከሚያነቡት አንዷ ናት። የእኛ አገር ልጅ አዳዳ፣ ማለትም አክስቴ፣ ብሎ የሚጠራትን ሴት አንቺ ነው የሚላት።

"አዳዳ፣ ሥዕሉ ግን ልክ ነበር" አለች። "ክፍላችን ፊት ለፊት ግድግዳው ላይ አየሁት። ኢላላ፣ እዩ፣ የአዳዳ ሥዕል ብዬ ጮህኩ፤ ቲቸር ሊቆጣኝ መጥቶ እሱም አየ። ሁላችንም ወጣን። ደብተራችንን በስተን አየን።"

መይሙና ይህን ስትሰማ የመጀመሪያዋ ነበር። ዓይኗ እንባ ሞላ። ረዲያ ግን አልጨረሰችም።

"ፀሐይዋ አልተሳሳተችም። ሥዕሉም አልተሳሳተም። አንቺ የት ላይ ነው የተሳሳትሽው?"

"አላውቅም" አለች መይሙና።

በዚህ ከተማ ትልቅ ሰው ሕዝብ ፊት ቆሞ አላውቅም ሲል እኔ ሰምቼ አላውቅም ነበር። የእኔ ቤተ ክርስቲያን ፓስተርም አይሉትም፤ ቀበሌውም አይለውም።

"እንፈልገው" አለችና ቁጢጥ ብላ በእንጨት አቧራው ላይ 5፡30 ብላ ጻፈች። ልጆቹ ከበቧት። ስድስት ሲደመርበት አሥራ አንድ ተኩል፤ ንጋት አይሆንም፤ ስለዚህ ማታ። ሁለት ጊዜ ደጋገሙት። ሂሳቡ ልክ ነው። ወጣቶቹ መሰልቸት ጀምረው ነበር።

"አምስት ተኩሉ የማን ነው?" አለች ረዲያ።

"የፈረንጅ ነዋ።"

"የትኛው ፈረንጅ? አጎቴ ከጀርመን ሲደውል እኛ መብራት አብርተናል፤ እሱ ጋ ግን ገና ፀሐይ አለ ይላል።"

መይሙና እንጨቱን ይዛ ቀረች። ከዚያ በቀስታ፣ ለራሷ እንደምትናገር፣ "መጽሐፉ የታተመው እንግሊዝ አገር ነው" አለች። "ሰዓቱ የእነሱ ነው። እነሱ ከእኛ በሦስት ሰዓት ወደኋላ ናቸው። እነሱ ጋ አምስት ተኩል ሲል እዚህ ስምንት ተኩል ነው፤ በፈረንጅ። ስምንት ተኩል ለእኛ . . ."

"ሁለት ተኩል!" አሉ ልጆቹ በአንድ ላይ።

ሼህ በክሪ ከዳር ሆነው ተናገሩ። "ሰግደን ስናበቃ ሰዓቴን አይቻለሁ" አሉ። "ሁለት ተኩል ትንሽ አልፎ ነበር።"

 ሽማግሌው አቧራው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ጎንበስ ብለው አዩና ከዘራቸውን ይዘው ሄዱ።

በሳምንቱ ሼህ በክሪ ሱቋ መጡ። ኮሚቴው ሲከራከር መሽቶ ነበር አሉ። "ተሳሳተች አሉኝ። አዎ ተሳሳተች፤ ስህተቷንም ከልጆቻችን ጋር ተቀምጣ ፈለገች፤ እኔ ይህን የሚያስተምር ሰው ለመድረሳው ስፈልግ ኖሬአለሁ አልኳቸው" አሉ። ክፍሉን ግን በሙሉ አልሰጧትም። ሐሙስ ከሰዓት ብቻ፣ ያውም ለሙከራ ነው። እኔ ተናደድኩ። የተሰበረ አግዳሚ ሳምንቱን ሙሉ ይተኛበታል፣ ለልጅ ግን ሐሙስ ከሰዓት ብቻ! መይሙና ግን "ሐሙስም ቀን ነው" አለችና አግዳሚዎቹን ለመጠገን ምስማር ልትገዛ ሄደች።

የመጀመሪያው ሐሙስ ደረሰ። ክፍሉን ማጣት አስቀድማ ለምዳዋለች፤ አሁን የቀራት ፍርሃት አንድ ነው። ልጆቹ ከእንግዲህ ቃሏን ያምኑ ይሆን? መጡ፤ አግዳሚው አልበቃቸውም። ለምስክርነት ይሁን ለወሬ እኔም በር ላይ ቆሜአለሁ። የጨረቃን መጽሐፍ ከፍታ ማንበብ ጀመረች። "ጨረቃ ከመሬት በጣም ሩቅ ናት" ከማለቷ አንድ ልጅ እጁን አወጣ።

"ማን ለካው?" አለ። "ሄዶ ነው የለካው? በምን?"

ሌላዋ ቀጠለች። "የለካው ሰው ተሳስቶ ቢሆንስ? በሌላ መንገድ የለካ አለ?"

ክፍሉ በጥያቄ ተንጫጫ። መይሙና መጽሐፉን ዘጋችው። ያን ቀን ከመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር አላለፈችም፤ ገመድና ድንጋይ፣ ጥላና ማዕዘን ሲሉ መግሪብ ደረሰ። ሲወጡ የምታውቀውን መንገር ቀላል እንደነበር፣ ከዛሬ በኋላ ግን ሳትዘጋጅ መምጣት እንደማትችል ነገረችኝ። ከዚያ ወዲህ ቃሏን ዝም ብሎ የሚቀበላት አንድም ልጅ አላገኘችም። ይህን ስታማርር ደስታዋን መደበቅ አትችልም።